በጎጃም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በበጎ ፈቃድ የምክር አገልግሎት መስጠት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከቢቸና እስከ ዳንግላ ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የአእምሮ ጤና ለመደገፍ በትርፍ ጊዜያቸው ማገልገል የሚፈልጉ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ይመሳሰላሉ። ጠያቂዎቹ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ሥራ የሚጠባበቁ የሥነ ልቦና ምሩቃን፣ ነርሶችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ትምህርት ቤት በር ላይ ከመድረሳቸው በፊት እንዲያነቧቸው ተዘጋጅተዋል።

የበጎ ፈቃድ አማካሪ ትምህርት ቤት ውስጥ በትክክል ምን ይሠራል?

ከሁሉ አስቀድሞ ያደምጣል። ተማሪው ያስጨነቀውን ነገር በራሱ አነጋገር እንዲናገር ጊዜና ቦታ ይሰጠዋል፤ ጉዳዩን እንዲያብላላውና በእጁ ያሉትን አማራጮች እንዲያይ ያግዘዋል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ደግሞ ወደ ጤና ተቋም ወይም ወደሚመለከተው አካል ያደርሳል። መድኃኒት አያዝም፣ ለበሽታ ስም አይሰጥም፣ በተማሪውና በቤተሰቡ መካከል ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባልም መሆን የለበትም። ይህን በተለይ የምናነሣው በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ ቢሮ ተጠራ ሲባል ጥፋት ተገኘበት ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። አርፋጆችን የሚቀጣ ወይም ወላጅ አምጡ የሚል ሰው ከሰዓት በኋላ አማካሪ ሆኖ ቢቀመጥ ማንም ልጅ ልቡን አይከፍትለትም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አማካሪው ይህ መብት ሲጣስ ካየ ለርዕሰ መምህሩ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊታወቅ ይገባል።

ሥነ ልቦና አልተማርኩም። ማገልገል እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚያገለግሉበት ቦታ ይለያያል። ለብቻ ከተማሪ ጋር ተቀምጦ ተከታታይ የምክር አገልግሎት መስጠት በሥነ ልቦና፣ በማኅበራዊ ሥራ፣ በአእምሮ ጤና ነርስነት ወይም በተቀራራቢ ሙያ ለሠለጠነ ሰው ሊተው ይገባል። ሌላው በጎ ፈቃደኛ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታ መስጠት፣ የተማሪዎችን ክበባት ማገዝ፣ የጥናት ቡድኖችን መከታተልና ከክፍል የራቁ ልጆችን ቤት ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ባለሙያ ላልሆኑ ሰዎች ጭምር የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሥራውን መመልከት፣ ማዳመጥና ማገናኘት በሚሉ ሦስት ተግባሮች ይጠቀልለዋል። ከእኛ ልምድ ሦስቱ ተግባሮች በትክክል ከተሠሩ ጭንቀት ላይ ላለ ልጅ የሚያደርጉት ነገር ብዙ ነው።

የሙያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎችም ቢሆኑ ከልጆች ጋር መሥራት ከአዋቂ ጋር ከመሥራት እንደሚለይ እንዲያስቡበት እንጠይቃለን።

ከየት ልጀምር? በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ይበቃል?

ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄዶ መነጋገር ጥሩ ጅምር ነው፤ ፈቃዱ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። የተለመደው አካሄድ የማንነትና የትምህርት ማስረጃ ይዞ ለወረዳው ወይም ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከት፣ ከዚያም ለትምህርት ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ መቀበል ነው። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ጉዳዩን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ቢያቀርብ ይመረጣል፤ ወላጆች ማን ከልጆቻቸው ጋር ለብቻው እንደሚነጋገር ማወቅ ይገባቸዋል። ቀድሞ የተመደበ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ካለ በጎ ፈቃደኛው የሚሠራው በእርሱ ሥር ሆኖ ነው፤ ጎን ለጎን ሌላ ቢሮ መክፈት ተማሪዎቹን ግራ ያጋባል።

ከዚህ ቀደም ከልጆች ጋር በተያያዘ ክስ ወይም ቅሬታ ቀርቦባቸው እንደሆነ ሲጠየቁ የሚቆጡ አመልካቾች ያጋጥሙናል። ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ካልጠየቀዎት እርስዎ ራስዎ ይጠየቅልኝ ይበሉ።

ክፍያ ወይም አበል አለው?

የለውም። የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፍን ትምህርት ቤት ካለ መልካም፣ ከሌለ ግን ከመጀመሪያው በአቅምዎ ልክ በቅርብዎ ያለውን ትምህርት ቤት ይምረጡ።

ለምን ያህል ጊዜ ቃል መግባት አለብኝ?

ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት፣ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት። በዚህ ጉዳይ ላይ አቋማችን ጥብቅ ነው። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ቤት ማደስና ችግኝ መትከል ይቻላል፤ የልጅን ጭንቀት ከፍቶ የሚከታተለው ሰው ሳይኖር መሄድ ግን ልጁን ከበፊቱ ይልቅ ዝምተኛ ያደርገዋል። የመጣው ሰው እንደሚጠፋ አንዴ ያየ ተማሪ ለሚቀጥለው ሰው አይናገርም። ማክሰኞ እመጣለሁ ካሉ ማክሰኞ ይምጡ፤ መቅረት ግድ ከሆነ ቀደም ብለው ያሳውቁ።

ተማሪዎች ምን ዓይነት ጉዳዮችን ይዘው ይመጣሉ?

ይህን ጥያቄ በስፋት መመለስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት የተማርናቸው ምሳሌዎች ከጎጃም ተማሪ ኑሮ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመጡ ብዙ ልጆች በሦስትና በአራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ዕድሜያቸው አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ሆኖ ሳለ ምግባቸውን ራሳቸው ያበስላሉ፣ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ሲታመሙ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከቤት ይዘውት የመጡት ስንቅ እስከ ሐሙስ ከደረሰ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራሴን ያመኛል ብሎ ከክፍል የወጣን ልጅ መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ቁርስና ምሳ መብላቱን ነው፤ ስለ ስሜቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች ደግሞ ከአከራይ፣ ከጎረቤትና ከመንገድ ላይ ትንኮሳ ጋር ብቻቸውን ይታገላሉ፤ ይህንንም ትምህርት ያስቆሙኛል በሚል ስጋት ለወላጆቻቸው አይናገሩም።

ሁለተኛው ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ያስተማረው ልጅ እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ምት መጨመር፣ ያጠኑትን መርሳት፣ ፈተናው ሲቃረብ ከትምህርት ቤት መጥፋት የዚህ ጭንቀት መገለጫዎች ናቸው። አይዞህ ታልፋለህ ማለት ብዙም አይረዳም። ከተማሪው ጋር ቁጭ ብሎ የጥናትና የእንቅልፍ ሰዓት ማውጣት፣ ባያልፍስ ምን ዓይነት የቴክኒክና ሙያ ወይም ሌላ መንገድ እንዳለው አብሮ ማየት የበለጠ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው የትጥቅ ግጭት ያስከተለው ነገር ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፤ ዘመድ ያጡ፣ ከመኖሪያቸው የተፈናቀሉ፣ የተኩስ ድምፅ ሰምተው ያደሩ ልጆች አሉ። ትምህርት አቋርጠው ሲመለሱ ከታናናሾቻቸው ጋር በአንድ ክፍል የተቀመጡ ወጣቶች ይህን እንደ ውርደት ቆጥረው ዳግም ይቀራሉ።

ከእነዚህ ሌላ የወላጅ ሞት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የመጠጥ ችግር ያለበት ቤተሰብ፣ በአጨዳ ወቅት ከትምህርት መቅረት፣ የፍቅር ጉዳይ፣ የስልክና የቁማር ሱስ ይነሣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ከሚገኙ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥመዋል፤ ከአእምሮ ጤና ችግሮችም ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ትምህርት ቤት ተመራጭ ቦታ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልጆቹ ግን አይናገሩም። ምን ላድርግ?

ሆድ ይፍጀው ተብሎ ያደገ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ገበናውን እንዲያወጣ መጠበቅ አይገባም። ወንዶቹ በተለይ ማልቀስን እንደ ሽንፈት ያዩታል። ብዙ ጊዜ የሚመጡት የአካል ሕመም ይዘው ነው፤ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ደረቴን ይጫነኛል፣ ራሴን ይከፍለኛል ይላሉ። እነዚህን ቃላት በመጽሐፍ ወዳለ የበሽታ ስም ለመቀየር አይቸኩሉ፤ መቼ እንደሚጀምረው፣ ያን ጊዜ የት እንደነበረና ማን አብሮት እንደነበረ ይጠይቁ። አንዲት ተማሪ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ለረጅም ጊዜ ዝም ብትል ዝምታውን በምክር አይሙሉት። ዝም ማለት ትችያለሽ፣ እኔ እዚሁ ነኝ ማለት ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት በዚያው ወንበር ላይ መገኘትዎ የበለጠ ይናገርልዎታል።

በአዊ ዞን የሚያገለግሉ ከሆነ ልጁ ጭንቀቱን በአውኝ መናገር ሊመርጥ ይችላል። ቋንቋውን የማይችሉ ከሆነ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ይፈልጉለት እንጂ ሌላ ተማሪ አስተርጓሚ አያድርጉ።

ውይይቱ የት ይካሄድ? ትምህርት ቤቱ ትርፍ ክፍል የለውም።

አብዛኞቹ የላቸውም። ከሰው ዓይን የማይሰወር፣ ነገር ግን ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ይፈልጉ፤ በግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ያለ ቤተ መጻሕፍት ወይም በሩና መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ክፍልም ሆነ የተማሪው ወይም የእርስዎ መኖሪያ ቤት ፈጽሞ አይሆንም። ሴት ተማሪዎች ሴት አማካሪ ሲጠይቁ ሊያገኙ ይገባል፤ ካልተገኘች አንዲት ሴት መምህርት በአቅራቢያው እንድትቀመጥ ማድረግ ይቻላል።

የነገሩኝን ሁሉ በምስጢር መያዝ አለብኝ?

ከሦስት ጉዳዮች በቀር አዎ። ተማሪው ራሱን ሊጎዳ ሲያስብ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲያቅድ፣ ወይም በእርሱ ላይ የወሲብ፣ የአካል ወይም ያለዕድሜ ጋብቻ ጥቃት ሲፈጸም ወይም ሊፈጸም ሲል ምስጢሩ ለሚመለከተው ሰው ይነገራል። ይህን ገደብ ልጁ መናገር ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይንገሩት፤ ከነገረዎት በኋላ መናገር ክህደት ይሆናል። በሌሎች ጉዳዮች ላይ የክፍል ኃላፊው መምህር፣ ርዕሰ መምህሩም ሆነ ወላጅ ልጁ ምን ነገረዎት ብለው ሲጠይቁ፣ እየተነጋገርን ነው፣ የእርስዎ እገዛ ካስፈለገ ከልጁ ጋር ሆነን እንነግርዎታለን ማለት ይቻላል። በትንሽ ከተማ ወሬ በአንድ ገበያ ቀን አገር ያዳርሳል። በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ስም አይጻፉ።

ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ተማሪ ቢያጋጥመኝስ?

በቀጥታ ይጠይቁት። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ብሎ በረጋ ድምፅ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን ነገር ለመናገር በር ይከፍትለታል። አይቆጡት፣ ኃጢአት ነው ብለው አያስፈራሩት። እንዴትና መቼ እንዳሰበ ከነገረዎት አደጋው ቅርብ ነው፤ ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አይተዉት። የሚያምነውን አዋቂ ሰው ይጥሩ፣ ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አብረውት ይሂዱ። ነገ ይሻለዋል ተብሎ ወደ ቤት አይሸኝም።

ለቤተሰቡ የሚነገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በገበሬ ቤት የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካል በግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ወይም ከአልጋ ሥር ተቀምጦ ይገኛል። ልጁ እስኪረጋጋ ድረስ ከቤት እንዲወጣ ወይም ተቆልፎ ቁልፉ በአዋቂ እጅ እንዲሆን ያድርጉ። ጭንቀት በበረታበት ሰዓት በእጅ የሚገኝ ነገር አለመኖሩ ብቻ ሕይወት ያተርፋል።

ወላጆች ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ይሻለዋል ቢሉኝ ምን ልበል?

አይከራከሩ። ጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ የገዳማትና የጠበል አገር ነው፤ ቤተሰቡ ልጁን ወደ ጠበል የሚወስደው ስለሚወድደው ነው፤ እርስዎም የተገናኙት በዚሁ ፍቅር ምክንያት ነው። ጠበሉን ይቀጥሉ፣ ሐኪምም ይየው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ማለት በአብዛኛው ተቀባይነት ያገኛል። የንስሐ አባታቸው ይህን ቢነግሩላቸው ደግሞ ከማንም የበለጠ ይሰማሉ፤ እኒህን አባት በአክብሮት ቀርቦ ማነጋገር የአማካሪው ሥራ አካል ነው። የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነም በዚያው መንገድ የሚያከብሯቸውን ሸኽ ያነጋግሩ። አጥብቀው መናገር ያለብዎት በሁለት ጉዳዮች ላይ ነው፦ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በራስ ውሳኔ እንዳይቋረጥ፣ ልጁም እንዳይታሰርና እንዳይደበደብ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለሚጥል በሽታ እንናገር፤ ከአእምሮ ጤና ጋር ተያይዞ በየትምህርት ቤቱ ስለሚያጋጥምና ስለሚያሳዝነን ነው። ልጅ ሲወድቅ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ማንኪያ በጥርሱ መካከል መክተት፣ ይተላለፋል ብሎ መሸሽ አሁንም ይታያል። በሽታው አይተላለፍም። ስለታማና ጠጣር ነገሮችን ከአጠገቡ አንሡ፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ሕክምና አለው፤ ብዙዎቹ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ከወሰዱ ሳይወድቁ ይማራሉ። አንድ ክፍል ይህን እንዲያውቅ ማድረግ ለአንድ ልጅ ትምህርቱን መመለስ ነው።

ልትዳር መሆኑን የነገረችኝ ተማሪ አለች። ምን ማድረግ ይገባኛል?

በሕጉ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ከዚህ በታች የሚፈጸምን ጋብቻ፣ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጉዳዩን ለርዕሰ መምህሩና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ያሳውቁ፤ ብቻዎን ወደ ቤተሰቡ ሄደው አያስፈራሩ። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ በጥር ወይም በየካቲት ስለሚሆን፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ከክፍል መቅረት የጀመረች ተማሪ ካለች መጠየቅ ይገባል። ልጅቷ ከቤተሰቧ ጋር መኖሯን እንደምትቀጥል ሳይረሱ፣ ከእርምጃው በፊት ምን እንደምትፈራ ከእርሷ ይስሙ።

ወደ ሕክምና መላክ ያለብኝ መቼና ወዴት ነው?

ተማሪው ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ሲሰማ፣ ለሳምንታት መብላት፣ መተኛት ወይም መማር ሲያቅተው፣ ራሱን ሲጎዳ፣ አደንዛዥ ዕፅ ወይም አልኮል ሲቆጣጠረው፣ ወይም ከሚያውቁት ጠባዩ ፈጽሞ ሲለወጥ ይላኩት። የመጀመሪያው በር በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ክፍተት መርሐ ግብር አማካይነት ሥልጠና የወሰዱ የጤና ባለሙያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ለሚሆነው በደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የመጨረሻው ማረፊያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የሪፈር ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም፤ መድረሱን፣ መታየቱንና ቀጠሮ መያዙን ይጠይቁ።

ግጭት ባለበት አካባቢ እንዴት ልሥራ?

የራስዎን ደኅንነት በማስቀደም። መንገዱ ካልተከፈተ አይሂዱ። ልጆች ያዩትን ነገር ዘርዝረው እንዲተርኩ አይጫኑ፤ መናገር ሲፈልጉ ያድምጡ፣ ካልፈለጉ ኳሱ፣ ሥዕሉና የዕለት ትምህርቱ ራሱ ያረጋጋቸዋል። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይጠይቁ፣ የራስዎንም አቋም አይንገሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ሐዘን ያለባቸው ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ።

የሰማሁት ነገር እኔኑ ቢከብደኝስ?

ይከብዳል። እንቅልፍ የሚነሣ ታሪክ ሰምተው ማንንም ሳያማክሩ ለሳምንታት አይቆዩ። ከመጀመርዎ በፊት በወር አንድ ጊዜ የሚያገኙት ልምድ ያለው ባለሙያ ይፈልጉ፤ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የዘርፉ መምህራንን መጠየቅ ይቻላል። ስም ሳይጠሩ ጉዳዩን ማቅረብ ምስጢር ማውጣት አይደለም። በቅርብ ጊዜ የራስዎ ከባድ ሐዘን ከደረሰብዎ ለጊዜው ማረፍን እንመክራለን።

አገልግሎቴን ሳቆም ተማሪዎቹንና ማስታወሻዎቼን ምን ላድርግ?

ከአንድ ወር በፊት ለተማሪዎቹ ይንገሩ፤ መቼ እንደሚያቆሙና ከዚያ በኋላ ማንን ማነጋገር እንደሚችሉ ግልጽ ያድርጉ። ተተኪ ካለ በፈቃዳቸው በአካል ያስተዋውቋቸው። ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ጉዳይ ልጁ እንዲነገርለት በተስማማበት መጠን ለተተኪው ያስተላልፉ፤ የቀረውን ማስታወሻ በራስዎ እጅ ያቃጥሉ እንጂ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ትተው አይሂዱ።